የኤሌክትሮ-ኦፕቲክ ሞጁሌተር ዲዛይን፦ ርዝመቱን በመጨረሻ ወስኑ

የቴሲስ ዲፌንስ ሲቃረብ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ፈጬ ካሉ ተማሪዎች ተመሳሳይ የሞጁሌተር ግራፍ ይደርሰኛል፤ ሞጁሌተር የኤሌክትሪክ ሲግናልን በብርሃን ላይ የሚጭን መሣሪያ ነው። ርዝመቱ 2 ሴንቲሜትር፣ ቪ-ፓይው (ሞጁሌተሩን ከሙሉ ብርሃን ወደ ጨለማ የሚያዞረው ቮልቴጅ) ከ1 ቮልት በታች፣ ባንድዊድዙ (ሞጁሌተሩ ሳይደክም የሚከተለው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ከ100 ጊጋኸርዝ በላይ። ሦስቱ አንድ ላይ በተራ ኤሌክትሮድ አይገኙም። ፈታኙም ይህንን ያውቃል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያው ላይ ይመጣል።

አብዛኛው ስህተት ከቅደም ተከተል ይጀምራል። ሰው ርዝመቱን ቀድሞ ይቆርጥና ሌላውን ሁሉ ለእሱ ያጎብጠዋል። እዚህ የምሰጣችሁ ቅደም ተከተል ርዝመቱን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። ምሳሌው በስስ ሊቲየም ናዮቤት ላይ የተሠራ ማክ-ዜንደር ሞጁሌተር ነው፤ ማለትም ብርሃኑን ለሁለት ክንድ ከፍሎ መልሶ የሚያገጣጥም። ብርሃኑ 1550 ናኖሜትር፣ ኤሌክትሮዱ ደግሞ ግራውንድ-ሲግናል-ግራውንድ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ላፕቶፕ ይበቃል። 16 ጊጋባይት ራም ካለው ጥሩ፣ 8 ካለውም ይሠራል፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራ በሁለት ዳይሜንሽን ነው። ሙሉውን ሞጁሌተር በሦስት ዳይሜንሽን ለማስኬድ አትሞክሩ። 1 ሴንቲሜትር በ50 ናኖሜትር ሲከፋፈል በርዝመት ብቻ 200,000 ሕዋስ ነው። ላፕቶፑ ይሞቃል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል። ፓይተን፣ ለሜሽ (ቅርጹን ወደ ትናንሽ ሕዋሶች ለመከፋፈል) ጂሜሽ፣ ለብርሃን ሞድ (ብርሃኑ በመስመሩ ውስጥ ለሚይዘው ቅርጽ) እና ለኤሌክትሪክ ፊልድ ፌምዌል፣ ለማይክሮዌቭ ኦፕንኢኤምኤስ፣ ለብርሃን መክፈያው ሚፕ፣ ለሌይአውት ኬሌይአውት። ግቢው ላይሰንስ የገዛለት ሶፍትዌር ካላችሁም ተጠቀሙበት፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ሁሉንም ፓኬጅ ግቢ ሳላችሁ አውርዱና ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ አንዴ አስኪዱት። ቤት ገብታችሁ አንድ ፋይል ጎደለ ብላችሁ የሞባይል ዳታ አትጨርሱ።

መብራት ይሄዳል ብላችሁ ተዘጋጁ። ኮዱ እያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ እንደጨረሰ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ። እንደገና ሲነሳ የተሠራውን እየዘለለ ይቀጥል። ይህቺን ሳያደርግ 100 ፍሪኩዌንሲ ሌሊቱን አስኪዶ የተኛ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ባዶ ፎልደር ነው።

ደረጃ 1፦ ግቡን በወረቀት ጻፉ

ሶፍትዌር ሳትከፍቱ አራት ነገር ጻፉ፦ የሲምቦል ፍጥነት፣ የሚፈለገው ባንድዊድዝ፣ ድራይቨሩ የሚሰጠው ቮልቴጅ፣ የምትታገሡት የብርሃን ብክነት።

የኛ ምሳሌ 64 ጊጋባውድ (በሰከንድ 64 ቢሊዮን ሲምቦል) ነው። ግማሹ 32 ጊጋኸርዝ ይሆናል፤ ትንሽ ትርፍ ይዘን 40 ጊጋኸርዝ እንላለን። ቪ-ፓይ ከ2.2 ቮልት አይበልጥ።

አሁኑኑ አንድ ነገር ወስኑ። ባንድዊድዝ ስትሉ የትኛውን 3 ዲሲቤል ነው? የሞጁሌሽኑ ቁመት ወደ 0.707 ሲወርድ የኤሌክትሪክ 3 ዲሲቤል ይባላል። ወደ 0.5 ሲወርድ የኦፕቲክስ 3 ዲሲቤል ነው፤ በኤሌክትሪክ ሲለካ 6 ይሆናል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ስታወዳድሩ የትኛውን እንደተጠቀመ ሳታዩ አትፍረዱ። እኔ እዚህ የምጠቀመው 0.707ን ነው።

ደረጃ 2፦ የክሪስታሉን አቅጣጫ አስተካክሉ

ብዙ ዲዛይን እዚህ ይሞታል፤ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

ሊቲየም ናዮቤት በሁሉም አቅጣጫ አንድ አይደለም። ትልቁ የፖክልስ ቁጥር (የኤሌክትሪኩ ፊልድ ኢንዴክሱን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚናገረው) አር33 ነው፤ 31 ፒኮሜትር በቮልት ገደማ። እሱን ለማግኘት የኤሌክትሪኩ ፊልድም የብርሃኑ ፊልድም በክሪስታሉ ዜድ አክሲስ ላይ መተኛት አለባቸው። ኤክስ-ከት በሚባለው ዌፈር ላይ ዜድ በወለሉ ላይ ተጋድሟል። ስለዚህ ብርሃኑ በዋይ አቅጣጫ ይጓዝ፣ ሞዱ ቲኢ (ፊልዱ አግድም የሆነው) ይሁን፣ ኤሌክትሮዶቹ ከግራና ከቀኝ ይቀመጡ።

አሁን ተጠንቀቁ። የሶፍትዌሩ ኤክስ ከክሪስታሉ ኤክስ ጋር አንድ አይደለም። ሶፍትዌሩ ላይ አግድሙ ብዙውን ጊዜ ኤክስ ይባላል፤ በኛ ዲዛይን አግድሙ የክሪስታሉ ዜድ ነው። እንዲህ አስገቡ፦

1. ለብርሃን፦ የአግድሙ ኢንዴክስ (ብርሃኑ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ) 2.14፣ የቁመቱና የጉዞው አቅጣጫ 2.21።
2. ለማይክሮዌቭ፦ የአግድሙ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር 28 ገደማ፣ የሌሎቹ ሁለቱ 44 ገደማ።
3. አር33 ከአግድሙ ፊልድ ጋር ብቻ ይባዛ።

ለብርሃን የሚሠራውን ቁጥር ለማይክሮዌቭ አታስገቡ። የ2.14 ካሬ 4.6 ነው፤ ከ28 ጋር አይቀራረብም።

ማረጋገጫ፦ ለሙከራ ብቻ ዌቭጋይዱን (ብርሃኑ የሚጓዝበትን መስመር) 5 ማይክሮሜትር በ5 ማይክሮሜትር አድርጉት። የቲኢው ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ (ሞዱ በጠቅላላ የሚያየው ኢንዴክስ) ወደ 2.14፣ የቲኤሙ (ፊልዱ ቁም የሆነው ሞድ) ወደ 2.21 መጠጋት አለበት። ከተገላበጠ አክሲሱ ተገላብጧል። ሌላም አለ፦ 1 ቮልት በማይክሮሜትር ፊልድ ስትሰጡ የኢንዴክሱ ለውጥ 0.00015 ገደማ ይሁን። አሥር እጥፍ ካነሰ ከአር33 ይልቅ ሌላ ትንሽ ቁጥር ይዛችኋል፤ ወይም ዩኒት ተሳስቷል።

ደረጃ 3፦ ዌቭጋይዱንና ግሩፕ ኢንዴክሱን አውጡ

ጥሩ መነሻ ይህ ነው፦ የፊልሙ ውፍረት 600 ናኖሜትር፣ የተቆፈረው 300፣ የላይኛው ስፋት ከ1 እስከ 1.5 ማይክሮሜትር። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትሳሉት፤ ሲቆፈር ያዘነብላል። ፋውንድሪው (ቺፑን የሚሠራላችሁ ፋብሪካ) የሰጣችሁን አንግል አስገቡ፤ ካልሰጣችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ግሩፕ ኢንዴክሱን (በብርሃኑ ላይ የተጫነው ሲግናል የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚወስነውን) አስሉ። ይህን የምጽፈው ጠበቅ አድርጌ ነው፤ የሚመጡልኝ ግራፎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነውና። የማይክሮዌቩ ፍጥነት መገጣጠም ያለበት ከብርሃኑ ግሩፕ ኢንዴክስ ጋር ነው። ሞድ ሶልቨሩ መጀመሪያ የሚያሳየው ግን ኢፌክቲቭ ኢንዴክሱን ነው፤ ሰውም እሱን ያነሳና ይሄዳል። በኛ ምሳሌ ኢፌክቲቭ ኢንዴክሱ 1.85፣ ግሩፕ ኢንዴክሱ 2.25 ነው። ልዩነቱ 0.4 ነው፤ ይህ ልዩነት ዲዛይኑን ይገድለዋል። እንዴት እንደሚገድለው ደረጃ 6 ላይ በቁጥር ታያላችሁ።

አሠራሩ፦

1. ሞዱን በ1540፣ በ1550 እና በ1560 ናኖሜትር አስሉ።
2. በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሊቲየም ናዮቤቱንና የሲሊካውን ኢንዴክስ ቀይሩ። ቋሚ ከተዋችሁት ግሩፕ ኢንዴክሱ ይዛባል።
3. ከ1540ው ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ የ1560ውን ቀንሱ፣ ለ20 አካፍሉ፣ በ1550 አባዙ፣ የ1550ውን ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ ደምሩበት።

በምሳሌው 1.8526 ሲቀነስ 1.8474፣ 0.0052 ይሆናል። ለ20 ተካፍሎ በ1550 ሲባዛ 0.40 ይመጣል። ከ1.85 ጋር 2.25።

ልዩነቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አያችሁ? የ0.0005 ስህተት ብቻ ግሩፕ ኢንዴክሱን በ0.04 ያናውጠዋል። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ሜሽ ላይ አስሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሜሽ ከሠራ የሜሹን ጫጫታ እንደ ዲስፐርሽን (ኢንዴክሱ ከሞገድ ርዝመቱ ጋር እንደሚለወጠው) ትቆጥሩታላችሁ። ቢያንስ አምስት ዴሲማል ያዙ።

ደረጃ 4፦ የኤሌክትሮዱን ክፍተት ምረጡ

ክፍተቱ ሲጠብ ፊልዱ ይጠነክራል፣ ቪ-ፓይ ይወርዳል። ግን የኤሌክትሮዱ ወርቅ ወደ ብርሃኑ ይጠጋና ይመጠዋል። ሁለቱን እያያችሁ ወስኑ።

1. ክፍተቱን ከ4 እስከ 7 ማይክሮሜትር በ0.5 እርምጃ ቀያይሩ።
2. በእያንዳንዱ ላይ ወርቁ ያለበትን የብርሃን ሞድ አስሉና ወርቁ የጨመረውን ብክነት አንብቡ። ከ0.1 ዲሲቤል በሴንቲሜትር ከበለጠ ያንን ክፍተት ጣሉት።
3. 1 ቮልት ሰጥታችሁ የኤሌክትሪኩን ፊልድ አስሉ። በብርሃኑ ጥንካሬ እያመዛዘናችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ሊቲየም ናዮቤቱ ውስጥ ብቻ። ሲሊካው ላይ ያለው ፊልድ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ምንም አይሠራም።
4. ይህን አማካይ፣ ቮልቴጁ ለክፍተቱ ተካፍሎ ለሚገኘው ፊልድ አካፍሉ። የምታገኙት ጋማ ነው።

ከዚያ ቪ-ፓይ በርዝመት የሚባለው እንዲህ ይወጣል፦ የሞገድ ርዝመት ሲባዛ ክፍተት፣ ሲካፈል ለ2፣ ለኢንዴክሱ ኪዩብ፣ ለአር33 እና ለጋማ። ክፍተቱ 5 ማይክሮሜትር ሲሆን ጋማ ሳይገባ 1.28 ቮልት-ሴንቲሜትር ይመጣል። ጋማ 0.51 ሲሆን 2.5 ይሆናል። በ5 ማይክሮሜትር ከ1.28 በታች ካገኛችሁ አትደሰቱ፤ ጋማችሁ ከ1 በልጧል ማለት ነው፣ በዚህ ቅርጽ ደግሞ አይበልጥም።

ያቺ 2 የመጣችው ሁለቱ ክንዶች በተቃራኒ ስለሚገፉ ነው። ሲግናሉ መሀል፣ ግራውንዱ ከግራና ከቀኝ ሲሆን በሁለቱ ክፍተቶች ያለው ፊልድ ተቃራኒ ምልክት አለው። ግራፉ ላይ አረጋግጡ። ኮዳችሁ ሁለቱንም ክንድ አስልቶ ከደመረ በኋላ እንደገና ለ2 እንዳታካፍሉ። ከእውነቱ ግማሽ የሆነ ቪ-ፓይ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 5፦ የማይክሮዌቭ መስመሩ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሮዱ ራሱ ማይክሮዌቭ የሚጓዝበት መስመር ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት።

ሦስት ቁጥር ትፈልጋላችሁ፦ የማይክሮዌቭ ኢንዴክስ፣ ኢምፒዳንስ፣ ብክነት። ሁለቱን በርካሽ ታገኛላችሁ። በደረጃ 4 የተጠቀማችሁበት ያው ሶልቨር ካፓሲታንስ ይሰጣል። አንዴ ከነማቴሪያሉ አስሉ፣ አንዴ ሁሉንም በአየር ተክታችሁ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ የማይክሮዌቭ ኢንዴክሱ ነው። ሁለቱ ተባዝተው ስኩዌር ሩታቸው በብርሃን ፍጥነት ይባዛና 1 ለእሱ ሲካፈል ኢምፒዳንሱ ይወጣል። ለ50 ኦምና ለ2.25 ኢንዴክስ ካፓሲታንሱ 150 ፒኮፋራድ በሜትር መሆን አለበት። የናንተ 15 ወይም 1,500 ካለ ዩኒት ነው፤ ወደፊት አትሂዱ።

ቅርጹን ስትነካኩ የሚሆነው ይህ ነው፦

ሲግናሉን ስታሰፉት ብክነቱም ኢምፒዳንሱም ይወርዳሉ። ክፍተቱን ስታሰፉት ብክነቱ ይወርዳል፣ ኢምፒዳንሱ ይወጣል፣ ቪ-ፓይ ግን ይከፋል። ወርቁን ስታወፍሩት ወይም ከታች ያለውን ሲሊካ ስታወፍሩት የማይክሮዌቭ ኢንዴክሱ ይወርዳል። ከላይ ሲሊካ ስታለብሱት ይወጣል።

ታችኛው ሰብስትሬት ሲሊከን ከሆነ ኢንዴክሱ ብዙውን ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይመጣል፤ የሲሊካውን ውፍረት እየጨመራችሁ አውርዱት። ኳርትዝ ከሆነ ደግሞ ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ያኔ ኤሌክትሮዱ ላይ የቲ ቅርጽ ጥርሶች ትጨምራላችሁ፤ ጥርሶቹ ማይክሮዌቩን ያዘገዩታል። ለመጀመሪያ ቴሲስ በቀጥታው ኤሌክትሮድ ጀምሩ እላለሁ። ጥርስ ያለውን ቀጥታውን ጨርሳችሁ ሞክሩት።

ሲሊከኑ ከፍተኛ ሬዚስቲቪቲ ያለው መሆን አለበት። ሶፍትዌሩ ላይም ሬዚስቲቪቲውን በቁጥር አስገቡ። ፍጹም ኢንሱሌተር ካላችሁት ብክነቱን ይደብቅላችኋል።

ብክነቱ በነፃ አይመጣም። ወርቁን እንደ እውነተኛ ብረት ማስገባት የግድ ነው። ኮዬ ፈጬ የሚኖር አንድ ተማሪ እስከ 140 ጊጋኸርዝ ንቅንቅ የማይል ግራፍ አሳየኝ። «ወርቁን ምን ብለህ ነው ያስገባኸው?» አልኩት። «ወርቅ ብዬ ነዋ ጋሼ፤ ስሙ ራሱ እዚህ አለ» አለኝ። «እስቲ ፋይሉን ክፈተው።» ከፈተው። ስሙ ወርቅ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ዓይነት ግን ፍጹም ኮንዳክተር ይላል። ሰባት ፊደል ያለው ስም ብትሰጡትም ሶፍትዌሩ የሚሰማው ዓይነቱን ነው። ኮንዳክቲቪቲውን 41 ሚሊዮን ሲመንስ በሜትር አድርጎ እንደገና ሲያስኬደው መስመሩ በአንድ ሴንቲሜትር ሲግናሉን ሲበላ ታየ።

ሜሹንም እንዲሁ ጠብቁ። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከረንቱ በወርቁ ቆዳ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። የቆዳው ጥልቀት በ1 ጊጋኸርዝ 2.5 ማይክሮሜትር፣ በ10 ጊጋኸርዝ 0.8፣ በ100 ጊጋኸርዝ 0.25 ነው። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ቢያንስ ሦስት አራት ሕዋስ ይኑር፤ በተለይ ወደ ክፍተቱ በሚያዩት ጠርዞች ላይ። ከረንቱ እዚያ ነው የሚከማቸው።

በኦፕንኢኤምኤስ በሦስት ዳይሜንሽን ከሠራችሁ ሁለት አጭር መስመር አስኪዱ፤ አንዱ 1 ሚሊሜትር፣ አንዱ 3። ልዩነታቸውን ውሰዱ። ፖርቱ የሚያመጣው ስህተት በሁለቱም ላይ ስላለ ይጣፋል።

ከ1 እስከ 100 ጊጋኸርዝ ብክነቱን አውጡና ኩርባ ግጠሙለት፦ አንዱ ክፍል ከፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ሩት ጋር፣ ሌላው ከፍሪኩዌንሲው ጋር ቀጥታ የሚያድግ። የመጀመሪያው የወርቁ፣ ሁለተኛው የዳይኤሌክትሪኩ ነው። በምሳሌያችን የወርቁ 0.7 ዲሲቤል በሴንቲሜትር በ1 ጊጋኸርዝ ነው እንበል።

ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ የማይክሮዌቭ ኢንዴክሱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ብታዩ አትደንግጡ። ፊልዱ ወርቁ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ነው። ማገጣጠም ያለባችሁ ከላይ ባለው ክልል ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ርዝመቱን ወስኑ

ሁለት ነገር ርዝመቱን ይገድቡታል።

አንደኛው ብክነት ነው። ፍጥነቱም ኢምፒዳንሱም ሲገጥም፣ የመስመሩ ጠቅላላ ብክነት 6.4 ዲሲቤል የሚደርስበት ፍሪኩዌንሲ 3 ዲሲቤላችሁ ነው። የወርቁ ብክነት በስኩዌር ሩት ስለሚያድግ ርዝመቱን በእጥፍ ስትጨምሩ ባንድዊድዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። በምሳሌው ቁጥሮች፦

• 1 ሴንቲሜትር፦ ቪ-ፓይ 2.5 ቮልት፣ 83 ጊጋኸርዝ
• 1.2 ሴንቲሜትር፦ 2.1 ቮልት፣ 58 ጊጋኸርዝ
• 1.4 ሴንቲሜትር፦ 1.8 ቮልት፣ 42 ጊጋኸርዝ
• 2 ሴንቲሜትር፦ 1.25 ቮልት፣ 21 ጊጋኸርዝ

ግባችን 40 ጊጋኸርዝና 2.2 ቮልት ነበር። 1.4 ይበቃል የሚል ፈተና ይመጣል። አትውሰዱት። የዳይኤሌክትሪክ ብክነቱ፣ ፓዱ (የመለኪያው ፕሮብ የሚያርፍበት ብረት) እና ትንሿ የፍጥነት ልዩነት ገና አልተቆጠሩም። 1.2 ያዙ።

ሁለተኛው የፍጥነት ልዩነት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሚኒባሶች ረዳቶቻቸው በመስኮት ዝርዝር የሚቀባበሉት እኩል እስከሄዱ ድረስ ነው። ብርሃኑና ማይክሮዌቩም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ከቀደመ መቀባበሉ ይቋረጣል። በቁጥር ሲሆን፦ 0.443 በብርሃን ፍጥነት ይባዛ፣ ለርዝመቱና ለኢንዴክሶቹ ልዩነት ይካፈል። ርዝመቱ 1.2 ሴንቲሜትር፣ ልዩነቱ 0.1 ሲሆን 111 ጊጋኸርዝ ነው፤ አያሳስብም። ማይክሮዌቩን ከኢፌክቲቭ ኢንዴክሱ ጋር ያገጣጠመ ሰው ግን ልዩነቱ 0.4 ነው፤ ባንድዊድዙ ወደ 28 ጊጋኸርዝ ይወርዳል። ግራፉ ላይ ግን 1.85 ከ1.85 ጋር ፍጹም ገጥሞ ይታየዋል። ደረጃ 3 ላይ የጮህኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ሙሉውን ሪስፖንስ በኮድ አስሉ

ረጅም ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም። መስመሩን 1,000 ቦታ ክፈሉና እንዲህ አድርጉ፦

1. በእያንዳንዱ ቦታ ወደ ፊት የሚሄደው ቮልቴጅ እየተበላ ይቀንስ። ፌዙ የሚቆጠረው በማይክሮዌቭ ኢንዴክሱና በግሩፕ ኢንዴክሱ ልዩነት ነው።
2. መጨረሻው ላይ ያለው ሬዚስተር ከመስመሩ ኢምፒዳንስ ጋር ካልገጠመ የሚመለስ ሞገድ አለ። የሱ ፌዝ የሚቆጠረው በሁለቱ ኢንዴክሶች ድምር ነው።
3. ሁሉንም ደምሩ፣ ለ1,000 አካፍሉ፣ ቁመቱን ውሰዱ።
4. በ1 ጊጋኸርዝ ባለው ዋጋ አካፍሉና ግራፉን ሳሉ።

የራሳችሁን ዲዛይን ከማስገባታችሁ በፊት ኮዱን፣ በ1 ጊጋኸርዝ ዋጋ ሳታካፍሉ፣ በሦስት የታወቀ ነገር ፈትኑት። ብክነትም ልዩነትም ዜሮ ሲሆን ግራፉ 1 ላይ ቀጥ ይበል። ልዩነቱ ዜሮ፣ ጠቅላላ ብክነቱ 6.4 ዲሲቤል ሲሆን 0.707 ይስጥ። ብክነቱ ዜሮ፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ልዩነቱ 0.1 ሲሆን 133 ጊጋኸርዝ ላይ 0.707 ይሁን።

ሁለተኛው ፈተና ከወደቀ ዲሲቤሉን የቀየራችሁበትን መስመር እዩ። ቮልቴጅ ነው የምታስሉት፤ ስለዚህ ለ8.686 አካፍሉ። ለ4.343 ያካፈለ ሰው ብክነቱን እጥፍ አድርጎታል።

ደረጃ 8፦ መክፈያውና ባያሱ

ይህ አጭር ነው። ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍለው ኤምኤምአይ በሚፕ ይሠራል፤ ትንሽ ስለሆነ በላፕቶፕ ያልቃል። ክፍፍሉ 45 ለ55 ቢሆን፣ መልሶ የሚያገጣጥመውም በዚያው አቅጣጫ ቢሳሳት፣ የብርሃንና የጨለማው ንጽጽር 20 ዲሲቤል ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ክፍፍሉን አሻሽሉ።

ባያሱን (ሞጁሌተሩ ያለ ሲግናል የሚቆምበትን ነጥብ) በሙቀት አንቀሳቅሱት። በሊቲየም ናዮቤት ላይ ቋሚ ቮልቴጅ ሲሰጥ ነጥቡ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ትንሽ ሂተር በአንዱ ክንድ ላይ ሳሉ። ለተራ የጥንካሬ ሞጁሌሽን መሀሉ ላይ፣ ለኮሂረንት (የብርሃኑን ፌዝም ለሚጠቀም) ሥርዓት ጨለማው ላይ አስቀምጡት።

ደረጃ 9፦ አናውጡት፣ ከዚያ ሌይአውቱን ሳሉ

ፋብሪካ የሳላችሁትን በትክክል አይሠራም። የተቆፈረውን ጥልቀት በ20 ናኖሜትር፣ ክፍተቱን በ0.2 ማይክሮሜትር፣ የወርቁን ውፍረት በ10 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም አናውጡና ደረጃ 7ን ድገሙ። ከሁሉም የከፋው አሁንም ከ40 ጊጋኸርዝ በላይ ከሆነ ዲዛይኑ ቆሟል። ካልሆነ 1.1 ሴንቲሜትር ሞክሩ። ያኔ ቪ-ፓይ 2.27 ይሆናል፤ ከ2.2 ትንሽ ያልፋልና ግባችሁን ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ኬሌይአውት ላይ ስትሳሉ ሦስት ነገር ዐይናችሁ አይለየው። ቺፑ በማስኩ ላይ 90 ዲግሪ እንዳይዞር፤ ከዞረ አር33 ጠፋ ማለት ነው። የዌፈሩን ጠፍጣፋ ጎን የት እንደሆነ ሌይአውቱ ላይ በቀስት አመልክቱ። የፓዶቹ ርቀት ላቦራቶሪው ካለው ፕሮብ ጋር ይግጠም፤ 100 ወይም 150 ማይክሮሜትር ብዙ ቦታ ይገኛል፣ ግን ጠይቁ። ከፓዱ ወደ ጠባቡ መስመር የሚወስደው መሸጋገሪያ ለስላሳ ይሁን፤ እሱንም ለብቻው በሦስት ዳይሜንሽን አስኪዱት።

ሲበላሽ

ግራፉ ወደ ዜሮ ወርዶ እንደገና ይነሳል። የፍጥነት ልዩነት ነው። ዜሮ የሆነበትን ፍሪኩዌንሲ አንብቡ፤ የብርሃን ፍጥነት ለርዝመቱና ለዚያ ፍሪኩዌንሲ ሲካፈል ልዩነቱን ይነግራችኋል። በ1.2 ሴንቲሜትር መስመር ላይ 62.5 ጊጋኸርዝ ዜሮ ከሆነ ልዩነቱ 0.4 ነው። ይህን ቁጥር ስታዩ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ግራፉ ይርገበገባል። የአንዱ ሞገድ ስፋት ስንት ነው? ለ1.2 ሴንቲሜትር 5.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከሆነ ከመስመሩ ጫፍ የሚመለስ ሞገድ ነው። መስመሩ 40 ኦም፣ ምንጩ 50 ቢሆን የሚመለሰው 11 በመቶ ቮልቴጅ ነው፤ ይታገሡታል። 35 ከሆነ 18 በመቶ ይደርሳል፤ ሲግናሉን አጥብቡት ወይም የመጨረሻውን ሬዚስተር ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ።

ግራፉ ከ1 በላይ ይወጣል። በመጀመሪያ የብክነቱን ምልክት እዩ፤ ተቀንሶ መሆን ሲገባው ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ትክክል ከሆነ ነጸብራቅ ነው፤ ትንሽ ከፍታ የመጨረሻው ሬዚስተር ከመስመሩ ሲያንስ ይመጣል። ያንን ሆን ብለው የሚጠቀሙበት አሉ፤ ግን ቴሲሱ ላይ ግለጹት።

ቪ-ፓይ በርዝመት በሜሹ ቁጥር ይዘላል። የኤሌክትሮዱ ሹል ጠርዝ ላይ ፊልዱ ይፈነዳል። ጠርዙን በጥቂት አሥር ናኖሜትር አድቡልቡሉት፣ ዌቭጋይዱ አካባቢ ሜሹን አጥብቡ። ሁለት ጊዜ ሜሹን አጥብባችሁ ለውጡ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ቁሙ።

ማይክሮዌቭ ኢንዴክሱ 2.25 ላይ አልደርስ አለ። ሲሊከን ላይ ሆናችሁ ከፍ ካለ ከታች ያለውን ሲሊካ ከ2 ወደ 4 ማይክሮሜትር ከፍ አድርጉ። አሁንም ከፍ ካለ ከላይ ያለውን ሽፋን አስወግዱ። ዝቅ ካለ ሽፋኑን መልሱ። እዚህ የምትከፍሉት ኢምፒዳንሱን ነውና ሁለቱን አብራችሁ እዩ፤ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ ካላችሁ ዙሪያ ጥምጥም ትሽከረከራላችሁ።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ቪ-ፓይ ብቻ አሥር እጥፍ ከፋ። አክሲስ ነው። ደረጃ 2።

ለአማካሪያችሁ ወይም ለሌላ ሰው እርዳታ ስትጠይቁ ግራፉን ብቻ አትላኩ። አብራችሁ እነዚህን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ግሩፕ ኢንዴክስ፣ ማይክሮዌቭ ኢንዴክስ በ40 ጊጋኸርዝ፣ ኢምፒዳንስ፣ ብክነት በ1 እና በ40 ጊጋኸርዝ፣ ጋማ፣ ርዝመት፣ የወርቁ ኮንዳክቲቪቲ፣ የተጠቀማችሁበት 3 ዲሲቤል የትኛው እንደሆነ። የማቴሪያል ፋይሉንም አያይዙ።